የሄንሪ አባት

መምህር አስረስ በጀርባቸው ወድቀዋል። እግሮቻቸው ከበሩ ደፍ ላይ፣ ራሳቸው ከበረንዳው የድንጋይ ደረጃ ላይ ነበር። ከቀኝ እጃቸው አጠገብ የስኳር ጣሳ ተጋድሟል። የፈሰሰውን ስኳር ጉንዳን እየተሸከመ ወደ ግንቡ ሥር ይወስደዋል።

ኢንስፔክተር ራዚያ የደረሰችው ሐሙስ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሐይቅ ከተማ ተወልዳ እዚያው ያደገች፣ ብዙ የማትናገር ሴት። ሬሳውን ጎንበስ ብላ አየች። የራሳቸው የኋላ ክፍል ተፈንክቷል። መነጽራቸው ታጥፎ በደረት ኪሳቸው ውስጥ አለ። አልተሰበረም።

«ማን ነው ያገኛቸው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጠሃ። ከጅዳ ከተመለሰ ሦስት ዓመቱ ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ የፎቶ ኮፒና የኢንተርኔት ቤት አለው። «ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ትናንት ፍላሻቸውን እኔ ጋ ረስተውት ሄዱ። ልመልስላቸው ብዬ ስመጣ በሩ ክፍት ነው። ወላሂ፣ ተደናቅፈው የወደቁ ነው የመሰለኝ። ላነሳቸው እጃቸውን ስይዝ…»

«ምሳ ሰዓት ላይ ደህና ነበሩ?»

«ሰባት ሰዓት ላይ ደውለውልኝ ነበር። ‹ፍላሼን እንዳትጥልብኝ› ብለው ቀለዱብኝ።»

ራዚያ በሬሳው ላይ ተራምዳ ገባች። ክፍሉ የመጽሐፍና የአሮጌ ጋዜጣ ሽታ አለው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ሻይ አለ፤ ሁለቱም እንደሞሉ ቀዝቅዘዋል። ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ስኳር የለውም።

ከብርጭቆዎቹ አጠገብ ሁለት የታተሙ ወረቀቶች ተዘርግተዋል። በመስመርና በዓምድ የተከፋፈሉ ናቸው፤ በአሮጌ የእንግሊዝኛ የእጅ ጽሕፈት ተሞልተዋል። በአንደኛው ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀዳዳ አለች። ዙሪያዋ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። አጠገቡ መቀስ ተቀምጧል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የእንግሊዝ አገር የቤተክርስቲያን መዝገብ ነው» አለ ጠሃ ከበሩ ላይ ሆኖ። «የክርስትና መዝገብ። መቶ ሰማንያ ዓመት ያለፈው። ስድስት ወር ሙሉ እኔ ቤት ተቀምጠው በኢንተርኔት ሲፈልጉ የኖሩት ይኼንኑ ነው።»

«ለምን ይሆናቸዋል?»

«ለሰርግ።»

ራዚያ ነገሩን ታውቀዋለች፤ በሐይቅ የማያውቀው አልነበረም። ሔለን የምትባል የሐይቅ ልጅና እንየው የሚባል የአምባሰል ልጅ ጥር ሃያ ስድስት ሊጋቡ ቀን ተቆርጦላቸዋል። እንደ ወጉ ቤት ተቆጠረ። ሙሽሮቹ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ባንድ ሰው ከተገናኙ ጋብቻ የለም። ቆጠራው አምስት ቤት ድረስ በሰላም ሄደና ስድስተኛው ላይ ቆመ፤ ስድስተኛው በሁለቱም ወገን ፈረንጅ ሆኖ ተገኘ። በመቅደላው ዘመን ከእንግሊዝ ጦር ታመው የቀሩ ሁለት ወታደሮች ነበሩ። ሄንሪ የተባለው ሐይቅ ዳር፣ ዊሊያም የተባለው አምባሰል ሚስት አግብተው ወለዱ፣ እዚሁ ሞቱ። እስኪሞቱ ድረስ «ወንድሜ» ይባባሉ ነበር ይባላል።

የአንድ አባት ልጆች ከነበሩ አባታቸው ሰባተኛው ቤት ነው፤ ሰርጉ ይቀራል። ባልንጀሮች ከነበሩ ምንም የለም። የፈረንጅ አባት ስም የሚያውቅ ሽማግሌ ደግሞ በወሎ አልተገኘም። የሄንሪ ዘሮች ያቆዩት አንድ የጸሎት መጽሐፍ ነበር፤ የዊሊያም ዘሮች ደግሞ አንድ ኮርቻ። በሁለቱም ላይ የመጠሪያ ስማቸው፣ የተወለዱበት ቀንና አጥቢያ ብቻ ተጽፏል። በዚያ ተነስተው አባቶቹን እንዲፈልጉ ጡረታ የወጡት የእንግሊዝኛ አስተማሪ መምህር አስረስ ተለመኑ። እሳቸውም ውጤቱን ለማንኛውም ወገን አስቀድመው ላይነግሩ፣ እሁድ በሁለቱም ቤተሰብ ፊት ሊናገሩ ቃል ገብተው ነበር።

ለእሁድ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ራዚያ እጇን ዘረጋች። «ፍላሹን ስጠኝ።»

*

የሔለን እናት ወይዘሮ የሺሀረግ ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት አላቸው። ራዚያ ስትመጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የዓሣ ቅርፊት ይፍቁ ነበር። ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው።

«ነፍስ ይማር» አለች ራዚያ።

«ይማር። ሰማሁ።» ቢላዋቸው አልቆመም። «አንቺም ከሥራሽ አላረፍሽም። ተቀመጪ።»

«ሔለን የለችም እንዴ?»

«ደሴ ናት፣ ለቀሚሱ። ልደውልላት።» እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና ስልካቸውን አወጡ። የአማርኛ ፊደል የሌለው አሮጌ ባለቁልፍ ስልክ ነው። ወደ ታች እየቆጠሩ ወረዱ፣ አንዱ ስም ላይ ቆሙ፣ ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «ነይ ቶሎ» አሉና ዘጉ።

«ዛሬ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የት ነበሩ፣ እትዬ?»

«እዚሁ። መሃል ላይ ወፍጮ ቤት ደርሼ መጣሁ። መብራት የለም ብለው መለሱኝ።»

ራዚያ አንድ የታተመ ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። «ይህን አይተውት ያውቃሉ?»

«እኔ እንግሊዝኛ የት አውቄ» አሉ ወይዘሮ የሺሀረግ። ወረቀቱን ቀና ብለው አላዩትም።

ሔለን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደረሰች። በላስቲክ የተጠቀለለ ነጭ ቀሚስ በክንዷ ላይ ነው። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው። የመምህሩን ሞት ከሚኒባስ እንደወረደች ሰምታለች። አላለቀሰችም፤ ቀሚሱን የት እንደምታስቀምጠው ግራ ገብቷት ቆመች።

ራዚያ ከመዝገቡ ሌላውን በእጇ ሸፍና አንድ መስመር ብቻ አሳየቻት። ስለ ሌላ ሕፃን የተጻፈ መስመር ነው። «የዚች ልጅ አባት ማን ነው?»

ሔለን አነበበች። «ልጅቷ አን ናት። አባቷ ሮበርት፣ እናቷ ጄን።»

«ይኼኛውስ ዓምድ? ‹ኩፐር› የሚለው?»

«እሱ የቤተሰብ ስም ነው። ሁሉም በእሱ ይጠራሉ። ሰው አይደለም።»

«ጥሩ» አለች ራዚያ፣ ወረቀቱን አጥፋ።

*

አርብ ጠዋት ሥርዓተ ቀብሩ ተፈጸመ። ከቀብር መልስ ራዚያ እንየውን ለብቻው ወሰደችው። ውጫሌ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ረጅም ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ረቡዕ ማታ ከመምህሩ ጋር ተጣልተሃል አሉ።»

«ጎረቤት ሰምቷል፣ አልዋሽሽም። ‹አንድ ቃል ብቻ፣ አዎ ወይም አይ በሉኝ› ብዬ ለመንኳቸው። ‹እሁድ› አሉኝ። ጮኽኩባቸው። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።»

«ሐሙስ ከሰዓት?»

«ቢሮ ነበርኩ። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ማንም አላየኝ ይሆናል፤ ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቶ ነበር።»

«ወረቀቱ ቢጠፋ ሰርጉ ይዳን ነበር?»

«ወረቀት ምን ያደርጋል? በኢሜይል የመጣ ነገር። ሺህ ጊዜ ይታተማል።»

ለሔለን ያሳየቻትን መስመር አሳይታ የልጅቷን አባት ጠየቀችው። «ሮበርት» አለ ወዲያው። «ለምንድን ነው?»

«እንዲሁ ነው።»

የእንየው አጎት መሪጌታ ሽታው በሐይቅ እስጢፋኖስ ያገለግላሉ። ቤት ቆጣሪው እሳቸው ናቸው። ራዚያ ያገኘቻቸው ወደ ገዳሙ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ድንጋይ ላይ አረፍ ብለው ነው። ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡት፣ መልሰው ገለበጡት።

«እኔ ግዕዝ አነባለሁ እንጂ ይኼን ዶሮ የጫረውን አላነብም። የቱ ነው ላይ፣ የቱ ነው ታች?»

«ይኼ ነው ላዩ፣ አባ።»

«እንግሊዞች እንዲህ እየጻፉ ነው መቅደላን ያስለቀቁት?» አሉና ፈገግ ሳይሉ ወረቀቱን መለሱላት።

«መምህሩ እንዳይናገሩ ያስማሏቸው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ላንዱ ወገን ቀድሞ ከተነገረ ነገር ይበላሻል። ያየሁት ነው።» በትራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። «በእናትየዋም ጊዜ ቤት ተቆጥሮ ፈርሷል።»

«በወይዘሮ የሺሀረግ?»

«ሠላሳ ዓመት አለፈው። የወደደችው ልጅ ነበረ። ሰባተኛው ላይ ተገናኙ። የቆጠርኩት እኔ ነኝ።»

«ምን አለች?»

«ምንም። ሦስት ቀን ሳትናገር ቆየች አሉ። ኋላ ሌላ አገባች፣ ወለደች።» ወደ ውሃው ተመለከቱ። «ሰባት ሰባት ነው፣ ልጄ። እኔ አልሠራሁት።»

ከሰዓት በኋላ ራዚያ ጠሃ ቤት ሄዳ ከማሽኑ አጠገብ ተቀመጠች። ከፍላሹ ላይ ሁለቱን ወረቀቶች ደግሞ አተመላት። ሐሙስ ከተገኙት ጋር አስተያየቻቸው። ከሄንሪ ወረቀት ላይ የተቆረጠችው ቃል ምን እንደነበረች አየች። ፋይሉን ማንም አልነካውም።

«ረቡዕ ስለዚህ ወረቀት ማን ጠየቀህ?»

«ኧረ ማን ያልጠየቀኝ አለ! እትዬ የሺሀረግ ለጥሪ ካርድ መጡ፣ እንየው መታወቂያ ኮፒ ሊያደርግ፣ መሪጌታም ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ። ሁሉም ‹ምን ወጣ?› ነው። እኔ ከፍተህ እንዳታነብ ተብያለሁ፣ አማና ነው፣ አደራ ነው፣ አልከፈትኩም። የፋይሉን ስም ብቻ ነገርኳቸው። አንዱ ዊሊያም ቶማስ፣ አንዱ ሄንሪ ቶማስ።»

«ለሦስቱም እንደዚሁ?»

«ለሦስቱም እንደዚሁ። ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?»

ራዚያ ወረቀቶቹን አጥፋ ወጣች።

*

እሁድ የመምህሩ ሣልስት ነበር። ለውጤቱ የተቀጠረው ቀንም እሱው ነው። በግቢያቸው ድንኳን ተጥሏል፤ በአንድ ወገን የሐይቆቹ፣ በሌላው የአምባሰሎቹ ተቀምጠዋል። ጸሎቱ ካበቃ በኋላ ራዚያ ተነሳች። ሁለት ፖሊሶች ከበሩ ላይ ቆመዋል።

«መምህር ተደናቅፈው አልወደቁም» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ሰዉ ግን ሰማ። «ሐሙስ ከሰባት ሰዓት በኋላ እንግዳ መጣባቸው። የሚያከብሩት እንግዳ ነው፤ ሻይ ቀዱለት። ስኳር አልነበረም። ስኳር ሊያመጡ ወደ ማድ ቤት ወጡ። እሳቸው በሌሉበት ደቂቃ እንግዳው መቀሱን አንስቶ ከአንደኛው ወረቀት ላይ አንድ ቃል ቆረጠ። መምህር ጣሳውን ይዘው ሲመለሱ አዩት። በሩ ላይ ቆሙ። እንግዳው ገፍቷቸው ወጣ። ወደ ኋላ ነው የወደቁት፤ ስኳሩም የፈሰሰው ውጭ ነው።»

«ማን ነው እሱ?» አለ አንድ የአምባሰል ሰው።

«ያቺ ቃል ትነግረናለች። የተቆረጠችው ከሄንሪ ወረቀት ላይ ‹ቶማስ› የምትለዋ ናት። ጠሃ ረቡዕ ለሦስት ሰዎች ሁለቱም ቶማስ እንደሚባሉ ነግሯል። ሄንሪ ቶማስ፣ ዊሊያም ቶማስ። እኛ አገር ይኼን የሰማ ሰው ምን ይላል? የአንድ ሰው ልጆች ናቸው ይላል። ቶማስ የሚባል አባት ወለዳቸው። ሰርጉ ፈረሰ።»

አንዲት ሴት «ኡፍ» አለች።

«እንግሊዝ አገር ግን እንዲህ አይደለም። ሁለተኛው ስም የቤተሰብ ነው፤ ቶማስ የሚባለው በየመንደሩ ሞልቷል። አባት በሌላ ዓምድ ነው የሚጻፈው። ወረቀቱን የቆረጠው ሰው ይህን አላወቀም። አባት የመሰለውን ቆርጦ፣ እውነተኛውን አባት ሳይነካው ተወው።» ወደ ጠሃ ዞረች። «ጠሃ አይደለም። ፍላሹ በእሱ እጅ ነበር፤ ማጥፋት ቢፈልግ መቀስ አያነሳም። እንየውና ሔለንም አይደሉም። የአባትን ቦታ ጠይቄያቸው ሁለቱም ሳያመነቱ አሳይተውኛል። መሪጌታ ደግሞ ፊደሉን ጭራሽ አይለዩትም። በዚያ ሁሉ ጽሕፈት ውስጥ አንዲቷን ቃል ለይተው ሊያወጡ አይችሉም። የቀረው ፊደሉን የሚለይ፣ አጻጻፉን ግን የማያውቅ ሰው ነው።»

ራዚያ ወደ ሴቶቹ ረድፍ ሄደች።

«እትዬ የሺሀረግ፣ ስልክዎን ያሳዩኝ።»

ወይዘሮ የሺሀረግ ስልኩን ሰጧት። ራዚያ ስሞቹን አወረደች። በእንግሊዝኛ ፊደል፣ አንዱ ካንዱ ሥር፣ በጥንቃቄ የተጻፉ ናቸው። ሔለን። ወፍጮ ቤት። ዋሲላ ዓሣ። መምህር።

«እንግሊዝኛ አላውቅም ብለውኝ ነበር።»

«አላውቅም» አሉ ወይዘሮ የሺሀረግ። «ፊደሉን ብቻ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህር አስረስ ናቸው ያስቆጠሩኝ።»

«እማዬ» አለች ሔለን።

እናቷ አልዞሩም። መቀነታቸውን ፈቱ፤ ከቋጠሮው ውስጥ አንዲት ብጫቂ ወረቀት አውጥተው በራዚያ መዳፍ ላይ አኖሯት።

«ልለምናቸው ነው የሄድኩት። ‹ተማሪዎ ነበርኩ፣ ይንገሩኝ› አልኳቸው። ‹እሁድ፣ የሺዬ› አሉኝ። ፈገግ ብለው ነበር። ያ ፈገግታ…» እጃቸውን አዩት። «እኔን በሰባተኛው ለይተውኛል። እሷ እንዳትለይ፣ ቃሉ ከሌለ እሁድ የሚነበብ አይኖርም ብዬ ነው። ሲመለሱ ‹አምጪው› አሉና በሩ ላይ ቆሙ። ልውጣ ብዬ ነው የገፋሁ። ሌላ አላሰብኩም።»

«ለምን ፈገግ እንዳሉ ያውቃሉ?» አለች ራዚያ። ራሷንም የጠየቀች መሰለ። ከፍላሹ ያተመቻቸውን ሁለት ሙሉ ወረቀቶች አወጣች፤ አንዱን ለእንየው፣ ሌላውን ለሔለን ሰጠች። «አንብቡት።»

«ዊሊያም» አለ እንየው። «አባት ጄምስ፣ እናት ሣራ። የቤተሰብ ስም ቶማስ።»

ሔለን የራሷን አነበበች።

«ሄንሪ። አባት ኤድዋርድ፣ እናት ሜሪ። የቤተሰብ ስም ቶማስ።»

«ጄምስና ኤድዋርድ ወንድማማች ቢሆኑ እንኳ» አለች ራዚያ «የሚገናኙት ስምንተኛው ላይ ነው። መምህር ይህን ያውቁ ነበር። እሁድ ሊሉ ያሰቡት ይህንኑ ነው።»

«ኤድዋርድ» አሉ ወይዘሮ የሺሀረግ። እንደ አዲስ ቃል አጣጣሙት። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

መሪጌታ ሽታው ራሳቸውን ደፍተው በትራቸውን ይዘው ነበር።

አንደኛው ፖሊስ ቀረበ። ወይዘሮ የሺሀረግ ተነሱና ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞሩ።

«ይቁጠሩት።»

«ምኑን?»

«ቤቱን ነዋ። ለዛሬ አይደል የተባለው? ሰው ሁሉ ተሰብስቧል።»

መሪጌታ ወደ ራዚያ አዩ። ራዚያ ፖሊሱን በእጇ አቆመችው። መሪጌታ ተነስተው፣ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው፣ አውራ ጣታቸውን በየጣታቸው አንጓ ላይ እያሳረፉ ጀመሩ።

«ሔለን አንድ። የሺሀረግ ሁለት። ቢያድግልኝ ሦስት። ደምለው አራት። እንግዳ አምስት። ሄንሪ ስድስት። ኤድዋርድ ሰባት።»

የእንየውንም እንደዚሁ እስከ ጄምስ ድረስ ወጡ። ወይዘሮ የሺሀረግ እያንዳንዱን ስም በከንፈራቸው ይከተሉ ነበር።

«አይገናኙም» አሉ መሪጌታ።

እልል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። አንድም ሴት አፏን አልከፈተችም።

«እሺ» አሉ ወይዘሮ የሺሀረግ። ስልኩን ከራዚያ ተቀብለው ለልጃቸው ሰጧት። «ዓሣ የሚያመጣልን ዋሲላ ነገ ጠዋት ይደውላል። ዓሣው ይቅር በይው።»

ሔለን ስልኩን ተቀበለች። እናቷ በሁለቱ ፖሊሶች መሃል ሆነው በበረንዳው አጠገብ አለፉ፤ ደረጃው ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው በሣሩ በኩል ሄዱ። የግቢው በር ሲዘጋ የስልኩ መብራት ጠፋ። ሔለን አንዱን ቁልፍ ተጫነች። በራ። ሲጠፋ ደግማ ተጫነች።